ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

ጆሯችሁን ስጡኝ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ ቡድን ነው፤ ስለ ሰበታ ከተማ።

ሰበታን ጅማ መንገድን ይዞ የወረደ ሁሉ ያውቃታል። አየር ጤናን፣ ካራ ቆሬን፣ ወለቴን፣ ዓለም ገናን አልፎ፣ ወጨጫ በስተቀኝ ተገትሮ እያየ የሚገባባት ከተማ ናት። ቢራ ይጠመቅባታል፣ ጨርቅ ይሸመንባታል፣ ዓይነ ስውራን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት ስመ ጥር ትምህርት ቤት አለባት። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ጫፍ ናት። ይህች ከተማ በ2012 ዓ.ም. ስሟን የተሸከመ ቡድን ይዛ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ገባች። ቡድኑ ሦስት የውድድር ዘመን ቆየ። ሦስቱንም ዓመት መርሐ ግብሩ ላይ ግማሹን ጨዋታ ባለሜዳ ተብሎ ተጻፈ፤ ሜዳ ግን አልነበረውም።

ታሪኩን ከሩቅ ላምጣው፤ ከሩቅ ካልመጣ የሰበታ መግባት ምን ማለት እንደነበረ አይገባም።

አገራችን ቡድኖችን ሰብስባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮና ዋንጫ ያጫወተችው በ1936 ዓ.ም. ነው። ጠላት ከተባረረ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የቀረቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ አምስቱም አዲስ አበባ ላይ የሚኖሩ። ኢትዮጵያውያኑ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ተወከሉ። ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶን፣ አርመኖቹ አራራትን፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስን ይዘው መጡ። አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ይዘውት ሄዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የራሱን የመጀመሪያ የሻምፒዮና ዋንጫ ያነሳው በ1942 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ የመጀመሪያ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው ቡድን አልነበረውም። ሰበታ ያን ጊዜም ነበረች፤ ቡራዩም ነበረች፤ ሱሉልታም ነበረች፤ ለከተማው ቅቤውን፣ ወተቱን፣ እንጨቱን፣ ሣሩን የሚያቀርቡት እነርሱ ነበሩ። በኳሱ ግን ስማቸው አይነሳም። ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ ቡድን መጣ፣ የአስመራና የድሬዳዋ ቡድኖች መጡ፣ ፋብሪካዎች መጡ። የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ከአንዴም ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ፋብሪካ ባለበት ደመወዝ አለ፤ ደመወዝ ባለበት ማልያ የሚገዛ፣ ታኬታ የሚያድል፣ ከሥራ ሰዓት ቀንሶ ልምምድ የሚያስወጣ አለቃ አለ። የአገራችን ኳስ ለረጅም ዘመን የኖረው በዚህ ነው።

ሰበታም ወደ ትልቁ ኳስ የገባችው በፋብሪካዋ በር ነው። ሜታ አቦ ቢራ የራሱ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ተጫውቷል። በዕድሜ የገፉ የሰበታ ሰዎች ስለ ኳስ ሲያወሩ ዛሬም "ሜታ" ብለው ነው የሚጀምሩት። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ለዲያጂዮ ተሸጠ። ቢራው በስሙ መጠመቁን ቀጠለ። በትልቁ ሊግ ግን ከሰበታ የሚሄድ ቡድን አልነበረም።

ከዚያ የከተሞች ዘመን መጣ። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ ከተማ በስሟ ቡድን ይዛ ሻምፒዮን መሆን እንደምትችል አሳየ። ከዚያ በኋላ "ከተማ" የሚል ቅጥያ ያለው ቡድን በየአቅጣጫው ፈላ። በጀቱ ከከተማው አስተዳደር ይመደባል፤ ከንቲባው የክለቡ የበላይ ጠባቂ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ከየትም ይመጣል። ቡራዩ ከተማም ሱሉልታ ከተማም በዚህ መንገድ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ እስካለው ከፍተኛ ሊግ ድረስ ወጥተው ታግለዋል። አዲስ አበባን ከከበቡት ከእነዚህ ከተሞች መካከል በሩን ሰብሮ የገባው ግን ሰበታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊጉ በሦስት ምድብ ተከፍሎ ሲጫወት ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አለፉ።

ከ1936 እስከ 2012 ዓ.ም. ቁጠሩት። ሰባ ስድስት ዓመት! ሰበታ በገዛ ስሟ የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ላይ እስክትደርስ ይህን ያህል ወስዷል።

ቡድኑ አልቀለደም። ለመጀመሪያው ዓመት አሰልጣኝ ውበቱ አባተን አመጣ። ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ኳሱ ከመሬት ሳይነሳ፣ ከእግር ወደ እግር፣ ከራስ ግብ ጠባቂ ጀምሮ እየተቀባበሉ እንዲወጡ ያስተምራሉ። በረጅሙ ጠልዞ መሮጥን ተመልካችም ተጫዋችም በለመደበት አገር ይህን ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ደጋፊ "ምታው!" እያለ ሲጮህ ተከላካዩ ኳሱን ረግጦ ቀና ማለት አለበት። ለዚህ የሚሆኑ ሰዎችም ተፈልገው ተገኙ። ዳዊት እስጢፋኖስ መጣ፣ መስዑድ መሐመድ መጣ፣ ታደለ መንገሻ መጣ። ኳስ እግራቸው ሥር ሲገባ የሚረጋጋ፣ ዘመናቸውን በትልልቅ ክለቦች ያሳለፉ አማካዮች ናቸው። ገና ላደገ ቡድን ይህን የመሰለ መሐል ሜዳ ብዙ አይታይም።

ግን የት ይጫወቱ? ሰበታ ላይ የነበረው ሜዳ ለፕሪሚየር ሊግ የሚፈለገውን አያሟላም ነበር። ለትልቁ ሊግ የሚሆን ሜዳ ሣር ብቻ አይደለም። ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች የየራሳቸው መልበሻ ክፍል ይፈለጋል፤ ተመልካቹን ከተጫዋቹ የሚለይ አጥር፣ ተመልካች ሲበዛ ሰው የማይረጋገጥበት መግቢያና መውጫ፣ አምቡላንስ የሚገባበት በር፣ ውሃ ሲዘንብ የማያቁር መሬት ያስፈልጋል። የሰበታ ክረምት ደግሞ ክረምት ነው፤ ከወጨጫ የሚወርደው ውሃ መሬቱን ለወራት ረግረግ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰበታ ከተማ እንግዳ የሚቀበለው አዲስ አበባ ስታዲየም ሆነ።

እስቲ ከደጋፊው ጋር እንሂድ። የጨዋታው ዕለት ምሳ በልቶ ቤቱን ይዘጋና ሰበታ መናኸሪያ ይወርዳል። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ ረዳቱ "አየር ጤና! አየር ጤና!" እያለ ይጣራል። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ይቆማል። ጅማ መንገድ የቡናውም፣ የጣውላውም፣ የሲሚንቶውም መንገድ ነው፤ ማንም ለማንም አይለቅም። ካራ ቆሬ ሲደርስ ሰዓቱን ያያል። አየር ጤና ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል፣ ሜክሲኮ ይወርዳል፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ስታዲየም። ማልያውን ጃኬቱ ውስጥ አድርጎ የመጣ ከሆነ እዚህ ያወጣዋል። ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ "ባለሜዳ" ሊሆን ነው የመጣው።

ስታዲየሙ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። እንግዳው ቡና ወይም ጊዮርጊስ ከሆነ ያ ስታዲየም የእንግዳው ቤት ነው። ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ጥላ ፎቅን የሞላው ሕዝብ እዚያው ያደገ ነው፤ ዜማውም ከበሮውም የእርሱ ነው። የሰበታው ደጋፊ አንድ ጥግ ይዞ ይቆማል። የሰሌዳው ጽሑፍ ቡድኑን ባለሜዳ ይለዋል፤ ጆሮው የሚሰማው ግን የሌላውን ዜማ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ሰው ነው። ወጪውም ድካሙም ሳያንሰው፣ በገዛ ቡድኑ ጨዋታ ላይ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሰበታ ብሎ የጮኸ ሰው።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ፤ ሁለተኛው ተጀመረ። ውበቱ የሚያስተምሩት ኳስ እየሠመረ መጣ። ከዚያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ፣ ኳስ ቆመ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩ ሁለት ሆነ። በመጨረሻም የ2012 ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም የለም፣ ወራጅም የለም ተባለ። ሰበታ ለሰባ ስድስት ዓመት የጠበቀችው የመጀመሪያ ዓመቷ ውጤቱ ሁሉ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ያ የተጓዘ ደጋፊ፣ ያ የተቆጠረ ጎል፣ ያ የተጋራ ነጥብ ሁሉ ከመዝገብ ወጣ።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ መታጠፊያ አለው፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

በዚያው ክረምት የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ ከፌዴሬሽኑ ጋር የነበራቸው ውል አለቀ። ፌዴሬሽኑ ተተኪ ፈለገና እጁን ወደ ሰበታ ዘረጋ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ውበቱ አባተ የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ሆኑ። ሰበታም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ብሔራዊ ቡድኑን የለቀቁትን አብርሃም መብራቱን ወሰደች። ሁለቱ አሰልጣኞች ወንበር ተለዋወጡ ማለት ነው። አገሪቱን ያሠለጥን የነበረ ሰው ሰበታን ሊያሠለጥን መጣ፤ ሰበታን ያሠለጥን የነበረ ሰው አገሪቱን ተረከበ። ይህን በየትኛውም አገር ሊግ ፈልጉት፤ ቶሎ አታገኙትም።

አብርሃም መብራቱ ደግሞ ሜዳ የሌለውን ቡድን ማሠልጠን ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከዋልያዎቹ በፊት የየመንን ብሔራዊ ቡድን ይዘው ነበር። የመን ጦርነት ላይ ነበረች፤ ሰነዓ ላይ የአገር ውድድር ማካሄድ አይታሰብም ነበር። የየመን ቡድን "በሜዳው" የሚጫወተው ባሕር ተሻግሮ ኳታር፣ ዶሃ ላይ ነበር። ሊጋቸው ቆሞ ነበር፤ ተጫዋቹ ከየተበተነበት ይጠራ፣ ወደ ልምምድ ለመድረስ ጠረፍ ይቆርጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ቡድን አብርሃም መጋቢት 2010 ዓ.ም. የመንን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አበቁ። አንድ ኢትዮጵያዊ ያደረገው ይህ ነገር በአገራችን የሚገባውን ያህል አልተወራም፤ ይህን ስል ቅሬታዬን አልደብቅም። እኚህ ሰው ናቸው ሰበታ የመጡት።

የ2013 ውድድር ሲጀመር የሰበታ ችግር የሁሉም ችግር ሆነ። በኮሮና ምክንያት ቡድኖች በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ መመላለሳቸው ቀረ፤ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላው ከተማ ይዛወራሉ። ታህሳስ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የትግራይ ሦስት ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራትና ስሑል ሽረ አልነበሩም፤ የቀረቡት አሥራ ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው። መቐለ በ2011 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። ሰበታ በመጀመሪያው ዓመት ከቤቷ 25 ኪሎ ሜትር ርቃም ቢሆን ተጫውታለች፤ እነዚያ ግን ጭራሽ የሚጫወቱበት ጠፋ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ትረካዬ ሐሰት ይሆናል።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር መጣ፤ ዲኤስቲቪ። ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት መታየት ጀመረ። እና የሰበታ ሰው ቡድኑን የሚያይበት መንገድ ተቀየረ።

አንድ የሰበታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። ድንኳን የመሰለ ረጅም ክፍል ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ። አግዳሚው ከሳንቃ ተሠርቷል፤ የፊተኛው ረድፍ ዝቅ ይላል፣ የኋላው ከፍ ይላል። በር ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ሳንቲም ይቀበላል። በግድግዳው ላይ የማንቸስተርና የአርሰናል ፖስተር ተለጥፏል፤ ጠርዙ ተጣጥፏል። ወትሮ እዚህ ሰው የሚሞላው ለእንግሊዝ ኳስ ነው። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ፣ ሰበታ ከተማ ጅማ ላይ ሊጫወት ነው ተብሎ ሰው ገብቷል። የፋብሪካ ፈረቃ ጨርሶ የመጣ አለ፤ ጥጡ ፀጉሩ ላይ ነው። የባጃጅ ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር አለ። ከፊት ወለሉ ላይ የተቀመጡ ልጆች አሉ፤ እነርሱ አይከፍሉም። ካሜራው የተጫዋቾቹን ፊት ሲያሳይ አንዱ በስም ይጠራል፤ ሌላው ያርመዋል። በማልያው ደረት ላይ የከተማቸው ስም አለ። የእንግሊዝ ክለቦች ሲታዩበት በኖሩበት በዚያው ስክሪን ላይ "ሰበታ" የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ጩኸቱ ይነሳል። እኔ የዚህን ሊግ ጥቅም ሰው ሲጠይቀኝ የማስበው ይህን ነው። ለዓመታት በሰው አገር ኳስ ለተያዘ ልጅ የገዛ ከተማው ቡድን በዚያ መስታወት ላይ ሲመጣ ማየቱን።

በሩቅ ማየት ግን በሩቅ ማየት ነው። ተጫዋቹ የጮኸለትን አይሰማም። ከፊት ወለሉ ላይ የተቀመጠው ልጅ ኳስ አቀባይ አይሆንም፣ ከመልበሻ ቤት የሚወጣውን ተጫዋች እጁን አይነካውም፣ ልምምድ ላይ ከአጥር ውጭ ቆሞ አሰልጣኝ የሚናገረውን አይሰማም። የከተማ ቡድን ልጅን የሚያሳድገው በዚህ ነው።

ሰበታ በአብርሃም እጅ ያን ዓመት ከወራጆቹ ርቃ ጨረሰች። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ፤ የቡናው አቡበከር ናስር ደግሞ 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ለሰበታ ሰዎች ግን ሌላም ደስታ ነበረ። መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አቢጃን ላይ ከኮትዲቯር ጋር ሲጫወቱ ዳኛው ሜዳ ላይ ወደቁ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ። ዋልያዎቹ 3 ለ 1 እየተመሩ ነበር። የምድቡ ተፎካካሪ ማዳጋስካር ግን ኒጀርን ማሸነፍ አቅቷት አቻ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። አሰልጣኙ ከዓመት በፊት ሰበታን ያሠለጥኑ የነበሩት ውበቱ አባተ ነበሩ።

የ2014 ዓመት ከበደ። ሊጉ አሥራ ስድስት ቡድን ይዞ ተመለሰ፤ መከላከያ፣ አርባ ምንጭ ከተማና አዲስ አበባ ከተማ አደጉ። ጨዋታው እንደገና በየከተማው እየዞረ ሆነ። አብርሃም መብራቱ ሰበታ ላይ የሉም። የከተማ ክለቦችን ሁሉ የሚያሳምም ደመወዝ በወቅቱ ያለመክፈል ችግር በአገሪቱ ተዛምቶ ነበር፤ በጀት ከከተማ ካዝና የሚጠብቅ ክለብ፣ የመግቢያ ቲኬት የሚሸጥበት ሜዳ ከሌለው፣ ሌላ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ይህን ሒሳብ ማንም ሊሠራው ይችላል። ቤቱ የሚጫወት ክለብ ቢያንስ ከበር ይሸጣል፤ ከሱቁ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከማልያው ያገኛል። ሰበታ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሰበታ ሰው አንድ የሊግ ቲኬት በሰበታ ምድር አልሸጠችም።

በዚያው ዓመት ሜዳ ማጣት አገራዊ ሆነ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርት አያሟላም አለ፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ ለዕድሳት ተዘግቷል። ዋልያዎቹ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን "በሜዳቸው" ያስተናገዱት ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ አስተናግደው በዳዋ ሆጤሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። ግብፅን! ያን የመሰለ ቀን ኢትዮጵያ ምድር ላይ ሆኖ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ውበቱ አባተ ሰበታን ሲያሠለጥኑ ሜዳ አልነበራቸውም፤ አገሪቱን ሲያሠለጥኑም ሜዳ አጡ።

በዚያው ክረምት መግቢያ ላይ ሊጉ ባሕር ዳር ላይ ሲጠናቀቅ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ሆነ። ሰበታ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና አዲስ አበባ ከተማ ወረዱ። ሰበታ የወረደችው ከቤቷ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው። ደጋፊዋ በዲኤስቲቪ ቤት ሆኖ አየ። ቡድኑ ሲወርድ ሜዳ ዳር ቆሞ ያለቀሰ፣ አጥር ይዞ የተቆጣ፣ ተጫዋቾቹን አቅፎ የሸኘ የሰበታ ሰው የለም፤ እንደዚያ ለመሆን ዕድል አላገኘም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር አዋሕዶ ሸገር ከተማን መሠረተ። ሰበታ ክፍለ ከተማ ሆነች። በአዲሱ ከተማ ስም የሚጠራው ሸገር ከተማም በ2017 ዓ.ም. ከነገሌ አርሲ ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። አሁን ስሙ የሦስቱም ነው። ከወጨጫ ሥር ያለው ልጅ የእኔ ነው ሊለው ይችላል፤ በገፈርሳ ውሃ ዳር ያደገው የቡራዩ ልጅም፤ በጠዋት ብርድ ከእንጦጦ ጀርባ ከሯጮቹ ጋር የሚነሳው የሱሉልታ ልጅም።

ሱሉልታን ካነሳሁ አይቀር እዚህ ልቁም። ሱሉልታ ሜዳዋን ለሩጫ ሰጥታ ዓለም ያወቃት ከተማ ናት። ቀነኒሳ በቀለ እዚያ የመሮጫ መም ያለው የልምምድ ማዕከል ሠራ፤ ከውጭ አገር ሳይቀር አትሌት እየመጣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሣር ላይ ይሮጣል። መሬቱ አልጠፋም ማለት ነው፤ ሐሳብና ገንዘብ አብረው ሲመጡ ይሠራል። ለኳስ ግን እስካሁን ይህ አልተደረገም። በሦስቱም ከተሞች ልጆች የሚጫወቱት ገና ግንባታ ባልጀመረ ይዞታ ላይ ነው። አሸዋ ሲወርድበት ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፤ እዚያም ድንጋይ ሲከመር ወደ ሦስተኛው። ግቡን በሁለት ድንጋይ ያቆማሉ፤ መሠረት ሲቆፈር ድንጋዩን ግንበኛው ይወስደዋል።

ስለዚህ ሸገር ከተማ ሲጫወት ሳይ ውጤቱን ከመጠየቄ በፊት ባለሜዳ ተብሎ የተጻፈበትን ቀን የት እንደሚጫወት አያለሁ። መልበሻ ክፍል ያለው፣ ውሃ የማያቁር፣ ሁለት ሺህም ሰው ቢሆን በሥርዓት የሚያስገባ አንድ ሜዳ ሰበታ ላይ ወይም ቡራዩ ላይ ወይም ሱሉልታ ላይ ይሠራ። ሠላሳ ሺህ የሚይዝ ትልቅ ስታዲየም አልጠየቅሁም። የሰበታ ልጅ ምሳውን በልቶ፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣ ወንድሙን እጁን ይዞ፣ በእግሩ ሄዶ የሚያየው የሊግ ጨዋታ ይኑረው።